ሳይሣል የቀረው ጉልላት

ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የቮ ለ ቪኮምት ግንብ የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የቅናት ታሪክ ነው። የገንዘብ ሹሙ ኒኮላ ፉኬ ኦገስት 17 ቀን 1661 እ.ኤ.አ. በአዲሱ ቤቱ ለወጣቱ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ግብር አበላ፤ ንጉሡም የሹሙ ቤት ከራሱ ቤት መብለጡ አንገብግቦት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አሳሰረው ይባላል።

ታሪኩ ይጣፍጣል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እስሩ ከግብሩ አስቀድሞ የተመከረበት ጉዳይ ነበር፤ ምክሩን የገፋው ኮልቤርም በዚያው ዓመት ማርች ወር ያረፈው የዋናው ሚኒስትር የካርዲናል ማዛረን ሀብት አስተዳዳሪ ነበር። የማዛረን ሀብት ደግሞ ከፉኬ ሀብት እጅግ ይልቅ ነበር። በዘመኑ መንግሥት የሚበደረው በሹሙ የግል ስም ጭምር ስለነበር የግምጃ ቤቱን ገንዘብ ከሹሙ ገንዘብ የሚለይ አጥር አልነበረም። ዳኞቹ ከሦስት ዓመት ሙግት በኋላ ፉኬ ከአገር እንዲወጣ ቢፈርዱበት፣ ንጉሡ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት አከበደው፤ ፉኬም በ1680 በፒኞሮል እስር ቤት ሞተ። በእኔ እምነት ለጎብኚ ከቅናቱ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ይህ የሒሳብ ታሪክ ነው።

እድሳቱም እንዲሁ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። ግንቡ ለ30 ዓመታት ያህል ሰው ሳይኖርበት ከቆየ በኋላ በ1875 በጨረታ የገዛው አልፍሬድ ሶሚዬ የተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ነው። የፉኬ ዕቃ ተወርሶ ስለነበር ክፍሎቹን የሞላው ሶሚዬ ከየቦታው በገዛው ዕቃ ነው። ለ ኖትር የነደፈው የአትክልት ስፍራም ቢሆን በአሮጌ ሥዕሎች እየተመሩ ኋላ የተነሡ ባለሙያዎች እንደገና ያበጁት ነው። ይህን መናገር የቤቱን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም አንድ የስኳር ነጋዴ የሰው ቤት ለማዳን ዕድሜውን መስጠቱ ከንጉሡ ቅናት ይልቅ ያስደንቀኛል።

ከሁሉም ይበልጥ ያስቆመኝ ግን የእንቁላል ቅርጽ ያለው ታላቁ አዳራሽ ነው። ሠዓሊው ለ ብሩን ለጉልላቱ ትልቅ ሥዕል አዘጋጅቶ ነበር፤ ፉኬ ሲታሰር ሥራው ተቋረጠ፤ ለ ብሩንም ከአርክቴክቱ ከለ ቮና ከለ ኖትር ጋር ለንጉሡ ሊሠራ ወደ ቬርሳይ ሄደ። ሶሚዬም ሆነ ወራሾቹ ያንን ሥዕል በሌላ እጅ አላስጨረሱትም። ጎብኚዎች በአዳራሹ ሲያልፉ ዓይናቸው በቀጥታ በመስኮቶቹ በኩል ወደ አትክልቱ ይሄዳል፤ ቀና ብሎ ጉልላቱን የሚያይ ጥቂት ነው።