ቅዳሜ ጠዋት ማን ይጠብቅሃል?

ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ማራቶን መሮጥ ሲያምረን ብዙውን ጊዜ ዓይናችንን የምንጥለው በጥቅምት የሚካሄደው የማሪን ኮር ማራቶን ላይ ነው። ልምምዱ አራት ወር ግድም ይፈልጋል። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለህ። ጫማህን አስረህ፣ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰክተህ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ትወጣለህ። መንገድ ላይ ሰላም የሚልህ አይጠፋም፤ አብሮህ የሚሮጥ ግን የለም።

እኔን እዚህ አገር ከእግሬ ይልቅ የሚደክመኝ ጭንቅላቴ ነው። ቅዳሜ 32 ኪሎ ሜትር ካለብኝ ከሐሙስ ጀምሮ ይከብደኛል። ሩጫው መሃል ደግሞ የቤት ኪራዩ፣ አገር ቤት ያሉት ቤተሰቦች፣ ሰኞ የሚጠብቀኝ ሥራ ይመጣሉ። ከዚያ "ማን አስገደደህ?" የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ማንም አላስገደደኝም። ማቆም የሚቀለውም ለዚያ ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ብዙ ምክር አላቸው። ርቀቱን ከፋፍለህ አስበው፣ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ በዓይነ ኅሊናህ እየው፣ ራስህን በመልካም ቃል አበረታታ ይሉሃል። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ግን ሸክሙ ያው እዚያው አንድ ጭንቅላት ላይ ነው።

እንጦጦ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። ሯጮቹ ባሕር ዛፉ ውስጥ በአንድ መስመር ተከታትለው፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ፊት ያለው ሥሩን፣ ድንጋዩን፣ ጉድጓዱን ያያል። ከኋላው ያለው የሚያየው የፊተኛውን ተረከዝ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረ ለማሰብ ፋታ የለውም። ቆይቶ ተራ ይቀያየራሉ፤ ሲመራ የነበረው ወደ ኋላ ሄዶ እሱም በተራው ተረከዝ ያያል። አስፋልት ላይ ልምምድ በሚሠሩበት ቀን ደግሞ ሰንዳፋ ለመድረስ በጨለማ መነሳት አለ። ጓደኞችህ መኪናው ጋ ቆመው እየጠበቁህ አልጋ ላይ ሆነህ ከራስህ ጋር አትከራከርም። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ነገር ማታውኑ አልቋል።

ይህን ስል ግን የአገር ቤቱን ኑሮ ማሳመሬ አይደለም። እዚያ ሩጫ እንጀራ ነው። እኔ ቢደክመኝ ሰኞ ሥራዬ እገባለሁ። ከአርሲ ወይም ከሰሜን ሸዋ መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ክለብ እስኪይዘው ወይም ማናጀር እስኪያየው የሚጠብቅ ልጅ ግን መመለሻው ሩቅ ነው። ጉልበቱን እያመመው ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ደብቆ የሚሠራ አለ። ስለዚህ ጭንቀት ብዙም አይወራም። "አይዞህ፣ በርታ" ተብሎ ይታለፋል። እዚህ አንድ ሯጭ መንፈሴ ዝሏል ብሎ ባለሙያ ጋ ቢሄድ ማንም አያፍርበትም። ይህን አገር ቤት ባየው ደስ ይለኛል፤ ለወጣቶቹ በጣም ያስፈልጋቸዋል።

አትሌት ታምራት ቶላን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ተጠባባቂ ልምምዱን በሙሉ ይሠራል፤ መሮጡን ግን አያውቅም። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ነበር የቀረው። ታምራት ያንን ዳገት የበዛበት ጎዳና በ2:06:26 ጨርሶ ወርቅ ወሰደ፣ የኦሊምፒኩንም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሰው የሚያነሳው ዳገቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት፣ መሮጡ ሳይረጋገጥ ተነስቶ የሠራባቸው ጠዋቶች ናቸው።

እኛ እዚህ ለለቅሶም ለሠርግም ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ እንጠራራለን። ለሩጫ ለምን አንጠራራም? አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ሰዎች ጋር ረጅሙን ሩጫ እሠራለሁ። አንዷ ነርስ ናት፤ አንዳንዴ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ትመጣለች። የእጅ ሰዓቱን የሚያየው ተራው ደርሶት የሚመራ ሰው ብቻ ነው። የሳምንቱን ልምምድ በሙሉ አብረን ለመሥራት አልቻልንም፤ ፈረቃችን አይገጥምም። ውድድሩ ላይም ፍጥነታችን ስለሚለያይ፣ ከ32ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውንና ተመልካች የሚያንስበትን ያንን ረጅም ድልድይ እያንዳንዳችን ለብቻችን ነው የምንሻገረው። ለሱ እስካሁን መላ አላገኘሁለትም።