ኤዲፐስ ባያውቅ ይሻለው ነበር?

ስለ ግሪክ ትራጄዲ ሲወራ ብዙ ሰው ኤዲፐስን ምስኪን ይለዋል፣ ማን እንደሆነ ባይመረምር ኖሮ ከነሚስቱ ከነልጆቹ በሰላም ይኖር ነበር ይላል፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ እንደውም ታሪኩን የጻፈው የጥንቱ ግሪካዊ ደራሲ የሶፎክልስ ድራማ ራሱ የሚስማማ አይመስለኝም።

በድራማው የግሪኳ ቴብስ ከተማ ወረርሽኝ ገብቶባታል፣ ከብቱ ያልቃል፣ እህሉ ማሳ ላይ ይደርቃል፣ ሴቶች የሞተ ልጅ ይወልዳሉ። አምላኩ አፖሎ ትንቢት ከሚሰጥበት ከዴልፊ የመጣው መልስ የድሮውን ንጉሥ የላዩስን ገዳይ ከአገር አስወጡ የሚል ነው። ንጉሡ ኤዲፐስ ምርመራውን ይጀምራል፣ ገዳዩ ራሱ፣ ላዩስም አባቱ፣ ሚስቱ ጆካስታም እናቱ መሆኗን ሳያውቅ። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ መጀመሪያ አልናገርም ይላል፣ ጆካስታ ከኤዲፐስ ቀድማ ይገባትና ማን እንደሆንክ ባታውቅ ይሻልሃል ተወው ብላ ትለምነዋለች፣ በህፃንነቱ ተራራ ላይ እንዲጥለው ተሰጥቶት የነበረው እረኛም አፉን አልከፍትም ይላል። ሁሉም የፈለጉት ዝም ማለት ነው፣ ክፋት ኖሯቸው አደለም። ግን እሱ ሳያውቅ በኖረ ቁጥር እኮ የሚያልቁት የከተማው ሰዎች ናቸው! በመጨረሻ እረኛው የሚያስፈራውን ልናገር ነው ሲል ኤዲፐስ እኔም ልሰማው ነው፣ ግን መስማት አለብኝ ይለዋል። ለኔ የድራማው ልብ እዚህ ጋ ነው። አባቱን እንዲገድል እጣ ፈንታ ጎትቶታል እንበል፣ እንዲጠይቅ ግን ማንም አላስገደደውም።

እውነቱ ጆካስታን ገድሏታል፣ ራሷን ሰቅላለች፣ ይሄን ቀላል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄውን ይበልጥ የሚያከረው ሌላው ግሪካዊ ደራሲ ዩሪፒደስ የጻፈው ባካይ የሚለው ድራማ ነው፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ መድረክ ላይ የወጣው። አጋቬ የምትባል እናት የወይን አምላክ ዲዮኒሰስ አእምሮዋን አስቷት የገዛ ልጇን ፔንቴዎስን ገነጣጥላ ገድላለች፣ ጭንቅላቱንም አንበሳ አደንኩ ብላ እየፎከረች ይዛው ትመጣለች። አባቷ ካድመስ መጀመሪያ የሚለው እንደዚሁ ሆነሽ ብትቀሪ ደስተኛ ባትሆኚም መከራሽን አታውቂውም ነው። ከዛ ግን ዝም አይልም። ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ተመልከቺ ይላታል፣ እንደ በፊቱ ነው ወይስ የተለወጠ ይመስልሻል? ጠራብኝ ትላለች። ልጅሽስ ማነው? ፔንቴዎስ። እጅሽ ላይ ያለው የማን ፊት ነው? የአንበሳ፣ አዳኞቹ እንዳሉት። እስቲ በደንብ እይው። ያን ጊዜ ታየዋለች።

ሽማግሌው ጨካኝ ሆኖ አይመስለኝም። ልጁ ሞቷል፣ እናቱ ደግሞ ድል አድርጌያለሁ ብላ ድግስ ልትጠራ ነው፣ ካላወቀች ማን ያለቅስለታል? ባለማወቅ ውስጥ መከራው አለ፣ ሀዘኑ ብቻ ነው የሌለው፣ ሟቹም እንደ ሰው አይቆጠርም።

ኤዲፐስም እውነቱን ሲያውቅ የገዛ ዓይኑን ያጠፋል፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሆነ የሚከታተል ሰው ትንሽ ነው። ሶፎክልስ ግን በስተርጅናው ተመልሶበታል፣ ኤዲፐስ በኮሎነስ የሚለው ሥራው እሱም ከሞተ በኋላ በ401 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው የታየው። እዛ ላይ ሽማግሌው ስደተኛ ሳላውቅ ነው ያደረኩት፣ በህግ ፊት ንጹህ ነኝ እያለ ፊት ለፊት ይከራከራል፣ የአቴንስ ንጉሥ ቴሴየስም ይቀበለዋል። ጆካስታ እንዳለችው ቢተወው ኖሮ ይሄን ክርክር የሚከራከርለት ሰው አይኖርም ነበር፣ ራሱም ጭምር።