ፈርዖን ሳሎን ሲገባ

የጥንት ግብፅ የግድግዳ ቅርጽ ግልባጭ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሶፋውን ነው። ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር ከሄደለት ይከፍላል፣ ያስጭናል፣ ያሰቅላል። ቅርጹ ስለ ምን እንደሆነ ጠያቂም መላሽም የለም። እናም ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የሙታን ፍርድ ተሰቅሎ ይገኛል፦ የሙታን አምላክ አኑቢስ የሟቹን ልብ ከእውነት ላባ ጋር ይመዝናል፤ ራሷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ኋላዋ ጉማሬ የሆነችው አሚት ልቡ ከብዶ ከተገኘ ልትሰለቅጠው አሰፍስፋለች። እንግዳው ከሥሯ ተቀምጦ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» እየተባለ ይጎርሳል።

ስምን በካርቱሽ ማስቀረጽም አለ። ያ ሞላላ ክብ ድሮ የነገሥታትና የቤተ ዘመዶቻቸው ስም ማደሪያ ነበር፤ ዛሬ ካይሮ፣ ኻን ኤል ኻሊሊ ገበያ ለከፈለ ሁሉ ይሠራለታል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ከዳግማዊ ራምሴስ ጎን ቢሰየም ከልካይ የለውም።

በሲሊኮን ፎርማ እዚሁ በጂፕሰም አሠራለሁ የሚል ሠሪው አጠገብ ይቁም። ለ10 ኪሎ ጂፕሰም 6 ወይም 7 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ዱቄቱ ውኃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውኃው ዱቄቱ ላይ አይገለበጥም። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠጥቶ፣ ቀስ ተብሎ ይማሰላል። የመጀመሪያው ስስ ልባስ በብሩሽ ጥጋጥጉ ይዳረሳል፤ ከዚያ ቃጫ ተነስንሶ ቀሪው ይሞላል። ብሩሹ ከተዘለለ አየሩ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ይቀርና ንጉሡ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። የራምሴስ 5ኛ አስከሬን እውነትም ፈንጣጣ የሚመስል ጠባሳ አለበት፤ ሌሎቹን ግን ያለ በሽታቸው ምን አሳመማቸው?

60 በ90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር እዚያው ይሽከረከራል። ክብደቱን ከሥር አንግል ብረት ይሸከም፤ የላዩ ብሎን እንዳይጋደም ብቻ ይያዘው።

ትልቁ ጣጣ ግን መብራት ነው። ግብፃውያን ፀሐይ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ምስሉን ወደ ውስጥ ይጎደጉዱት ነበር፣ ጥላ ጠርዙን እንዲያጎላው፤ ጨለም ባለው ክፍል ደግሞ ዙሪያውን ልጠው ምስሉን ወደ ፊት ያወጡታል። አቢዶስ የሚገኘው የቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ የዚህ ስስ ሥራ ቁንጮ ነው። ልጁ ዳግማዊ ራምሴስ የቀረውን ጎድጉዶ ጨረሰው፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነዋ! እኛ ዘንድ ኮርኒሱን የሞላው ስፖት ላይት ፊት ለፊት ያፈጥበትና ጥላ አልባው ንጉሥ ተጠፍጥፎ የግድግዳ ወረቀት ይሆናል። አንድ መብራት ይበቃል፤ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከላይ ወይም ከጎን ቅርጹን ዳሰስ የሚያደርግ። ከሥር ከበራ ያበጠው የጎደጎደ መስሎ ይታያል፤ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ለሚነሳ ልጅም አይመከርም።

ከተመረጠ አይቀር የዓባይ ሙላት አምላክ ሐፒ አለ፦ ቦርጫም፣ ጡቱ የወረደ፣ እጁ ስጦታ የሞላ። ያን ቦርጭ ያወፈረው ሙላት አብዛኛው የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነውና ሳሎናችን ውስጥ ባለ ድርሻ ነው። በረንዳ ላይ ግን አይውጣ። ጂፕሰም ዝናብ አይችልም፤ የጎርፍ አምላክ በሐምሌ ዝናብ ሟሙቶ ሲወርድ ጎረቤት ምን ይላል?