ትናንት ብትመጡ ኖሮ

ጀልባው ከዳር ሳይላቀቅ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ስሎ ሦስተኛውን ሳይነሣ፣ ጀልባ ነጂው በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምጠላትን ዓረፍተ ነገር ተናገራት።

«ጋሼ፣ ትናንት ብትመጡ ኖሮ! አምስት ነበሩ። ከነግልገላቸው።»

ስለ ጉማሬ ነው የሚያወራው። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ተንኮሉ ያለው ዓረፍተ ነገሯ ውስጥ ነው። ገንዘባችንን ተቀብሏል፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ነፍስ አድን ጃኬት አልብሶናል፤ የቀረው ነገር ጉማሬ ባይታይስ የሚለው ነው። እሱንም በዚህች በአንዲት ቃል ገላገለው። ጉማሬ ካልታየ ጥፋቱ የጉማሬው አይደለም፣ የጀልባውም አይደለም። ትናንት ያልመጣነው እኛው ነን።

እዚህ ጀልባ ላይ የወጣሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ መኖር ከጀመረች 11 ዓመቷ ነው፤ ለጥምቀት መጥታ እስከ ነነዌ ቆየች። ተወልዳ ያደገችው ባሕር ዳር ሆኖ፣ ዛሬ «እኛ ጋ» ስትል ሳንዲያጎን ማለቷ ነው። እነሱ ጋ ታዲያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በመርከብ ወጥተው ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ያያሉ። ግራጫው ዓሣ ነባሪ በየዓመቱ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ተነሥቶ ለመውለድ ወደ ሜክሲኮ ሙቅ ውኃ ሲወርድ፣ ኋላም ወደመጣበት ሲመለስ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በደጃቸው ያልፋል። ዶልፊኖቹ ከመርከቡ ፊት ፊት እየዘለሉ ያጅባሉ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ያስረዳል፤ ዓሣ ነባሪው እንዳይረበሽ 100 ያርድ ያህል ይርቁለታል።

«ያን ቀን ካልታየ ደግሞ» አለችኝ «ሌላ ቀን በነፃ ይወስዱሃል።»

ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቼ ነበር። ይህችኛዋ ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። በነፃ! እዚያ «ትናንት ብትመጡ ኖሮ» የሚል ካፒቴን «እንግዲያው ነገ እመጣለሁ፣ ትኬቱን ቁረጥልኝ» ይባላል ማለት ነው። ቃሏ ዋጋ ታስከፍላለች። እኛ ጋ (የእኔ «እኛ ጋ» ያው ባሕር ዳር ነው) ቃሏ ነፃ ናት፤ ስለዚህ እንደ ልብ ትረጫለች።

ጀልባ ነጂው ላይ ብቻ መፍረድ ግን ግፍ ነው። ሥጋ ቤት ገብቼ ሽንጥ ስጠይቅ «ጠዋት ብትመጣ ኖሮ» እባላለሁ፤ ጠዋት የሄድኩ ዕለት «ትናንት የነበረውን ሥጋ አላየህ!» እባላለሁ። ቢሮ ስሄድ ማኅተሙን የያዘችው ሴት ሁልጊዜ «አሁን፣ አሁን ነው የወጣችው»። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቢሮ ተመላልሼ ሴትዮዋን ስትወጣ እንጂ ስትገባ ያየኋት ጊዜ የለም። እንዴት እንደምትገባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ጢስ ዓባይ ደግሞ የዚህች ዓረፍተ ነገር ዋና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከፏፏቴው ላይ ውኃው ተጠልፎ ወደ ተርባይን ስለሚሄድ፣ በበጋ የሄደ እንግዳ ያ ገደል ሙሉ ጢስ ቀርቶ በወንፊት የሚንቆረቆር የመሰለ ነገር ያገኛል። «ነሐሴ ብትመጡ ኖሮ!» ይሉታል። በነሐሴ ሄጃለሁ። ጫማዬን ጭቃው ውጦት በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ አስጎብኚው ምን እንዳለኝ ልናገር? «ጭቃው ሳይጀምር ብትመጡ ኖሮ።»

ፈረንጅም አለበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚህ አገር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ሲያይ የመጀመሪያው ሰው የሆነ ያህል ፈነጠዘ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግን ምንጩ ዘንድ የደረሰው በ1618 ነው፤ 152 ዓመት ቀድሞ። ብሩስ ምን አደረገ? «ትናንት የመጣ የለም» ብሎ ድርቅ አለ። የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጀምሮ ከዚያ ምንጭ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ እሱን የጠየቀው አልነበረም።

ሴት አያቴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲበዛባት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትል ነበር። ከተረቶች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። ስወደው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ባለላሙ ላይ ለብዙ ዘመን ተቀልዶበታል፣ ነገር ግን ሰውየው ጨዋ ነው። ላሟን ላሳያችሁ ብሎ ትኬት አልቆረጠም። ጃኬት አልብሶ ሰው አላሰለፈም። «ትናንት ብትመጡ ኖሮ ስትታለብ ታዩ ነበር» አላለም። ላም አለኝ አለ፣ ወተቷንም አላይ አለ፤ እቅጩን ተናገረ፤ ዝም አለ። ዛሬ ቢኖር ኖሮ አስጎብኚ መሆን ያቅተው ነበር።

ወዴት እየሄድኩ ነበር? አዎ፣ ጀልባው።

ዕለቱ ረቡዕ፣ የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀን ነው። ከዳር የዓሣ ጥብስ ሽታ እየመጣ ጾመኛውን ይፈትናል፤ የሆዴ ነገር ለንዴቴ አስተዋፅኦ አላደረገም ብዬ አልምልም። የአክስቴ ልጅ ስለ ዓሣ ነባሪ ታወራለች። እኛ ዓሣ አንበሪ የምናውቀው በዓመት ሦስት ቀን፣ በዮናስ በኩል ነው። በጣና ቢሆን ኖሮ፣ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር፣ ዓሣውን የሚውጠው ዮናስ ነበር። ሐይቃችን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዓሣ ነባሪ ሁሉ ትልቁ፣ ሰማያዊው፣ 30 ሜትር ይደርሳል። እሱን ጣና ላይ በጅራቱ ብናቆመው ከወገቡ በላይ ያለው ለደብረ ማርያም ምእመናን ጥላ ይሆናቸው ነበር።

ዓሣ ነባሪ ሲነሣ እኔ ጤነኛ አይደለሁም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በሳይንስ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ ከሚከተሉት ውስጥ ዓሣ ያልሆነው የቱ ነው? ሀ. ቆሮሶ፣ ለ. አምባዛ፣ ሐ. ዓሣ ነባሪ፣ መ. መልሱ የለም። «ሐ» ብዬ መለስኩ፤ ልጁን በጡት እንደሚያሳድግ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ እንደሚወጣ የሆነ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ ሰረዙት። አቤት ብዬ ስሄድ «ስሙ ራሱ ዓሣ ብሎ የሚጀምረውን፣ አንተ ዓሣ አይደለም ትላለህ?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከ10 ዘጠኝ አገኘሁ፤ የአንደኛነት ሽልማት የነበሩት አንድ እስክርቢቶና ሁለት ደብተር በ«መ» ለሌላ ልጅ ተሰጡ። ስለዚያ ልጅ ምንም ማለት አልፈልግም። አሁን ጥሩ ሰው ሆኗል ይባላል።

«የከተማችን ስምስ ባሕር ብሎ አይጀምርም እንዴ፣ ባሕሩ ወዴት ነው?» የሚለው መልስ የመጣልኝ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ሳለሁ ነው። ያኔ መጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ!

ይባስ ብሎ ደግሞ ሳይንስ ከኔም አልፎ ሄደ። የዘር ምርመራ ሲደረግ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው ጉማሬ ነው። ላም አይደለም፣ ዓሣም አይደለም፤ ይሄው የኛው፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት የሚተኛው ጉማሬ። የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ የአክስት ልጆች ናቸው። አንደኛው ባሕር ማዶ ሄደ፤ ወፈረ፣ ተከበረ፣ በድምፅ ማጉያ የሚተረክለት ካፒቴን አገኘ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሙቀት ፍለጋ ይወርዳል። ሌላው እዚሁ ጭቃ ውስጥ ቀረ። መዋኘት እንኳ በወጉ አይችልም፤ የሐይቁን ወለል በእግሩ እየረገጠ ነው የሚሄደው። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሰብል ውስጥ ሲገባ ገበሬው ይረግመዋል። ሲነጋ ተመልሶ ይሰጥማል። ያንን የአክስት ልጅ ሊያዩ ሰዎች ትኬት ይቆርጣሉ፤ ይህንን ሊያዩ የመጡት ደግሞ ትናንት መምጣት ነበረባቸው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ አልነገርኳትም። ስሟን ባልጠራም እሷን የነካሁ የሚመስላት ልጅ ናት።

ወደ ዓባይ መውጫ ስንጠጋ ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ፀሐይዋ ወርዳ ውኃው የጠጅ መልክ ይዟል። አንድ ታንኳ እንጨት ተሸክማ ወደ ገበያው በኩል ታልፋለች፤ የደንገሏ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ መሐሏ ከጭነቱ የተነሣ ከውኃው እኩል ሆኗል። ቀዛፊው ጀርባውን ለጀንበሯ ሰጥቶ ይቀዝፋል፤ እሱ እንኳ የሥራ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። አጠገባችን ሲደርስ ልጁ «ጉማሬ አላየህም?» አለው። ሰውየው መቅዘፊያውን ሳያቆም በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተ፦

«እዚያ ነበረ፤ ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ።»

ጩኸት አመለጠኝ። ከፊታችን የነበሩ ፔሊካኖች ተነሡ። የአክስቴ ልጅ «ምነው ወንድም ጋሼ፣ ጾሙ ነው?» አለችኝ።

ጠበቅን። የእምቦጭ ክምር ተንሳፍፎ ሲመጣ ልጁ «ያውና!» አለ። አልነበረም። ግንድ መጣ። «ያውና!» አልነበረም። በመሐል የአክስቴ ልጅ የሳንዲያጎውን ዓሣ ነባሪ ላሳይህ ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። አየሁ። ውኃ ነው። ሁለተኛውን ገፋሁ፤ ውኃ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ጥቁር ነገር አለች፤ የመኪና ጎማ ናት ብትለኝም አምናት ነበር።

«ጀርባው ነው» አለች። «ጅራቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ነበር እኮ። ካሜራውን እስክከፍት ገባ። ያኔ ብታየው ኖሮ...»

ስልኩን ቀስ ብዬ መለስኩላት። ውስጤን ምን እንዳለው አልነግራችሁም፤ ጾም ላይ ሆኜ እንዲህ ጠግቤ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ ነው የወጣው። ከጀልባው ራቅ ብሎ መጀመሪያ ሁለት ጆሮ፤ እንደ ትንሽ የሲኒ ማንጠልጠያ ተርገበገቡ፣ ውኃውን አራገፉ። ቀጥሎ ሁለት አፍንጫ። እንደተናደደ ሽማግሌ አንዴ ተነፈሰ፤ ጤዛው የጀንበሯን ቀለም ያዘ። አየን። ስድስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ያ ሁሉ ሥጋ፣ ከቶን በላይ የሚመዝን ፍጡር፣ አንዲት ክብ ሞገድ ብቻ ጥሎ ሰጠመ።

«ይኸው ነው?» አለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ዘመድ የተሰደበብኝ ያህል ተሰማኝ። ልጁን ቀድሜ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ደግነቱ ሞተሩ ተነሣና የተናገርኩትን ማንም አልሰማውም። ባይሰማ ይሻላል።

በማግሥቱ የአክስቴ ልጅ ወደ አዲስ አበባ በረረች፤ ከዚያም ወደ «እኛ ጋ» ልትሻገር። አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጀልባ ነጂው ነው።

«ጋሼ፣ ስድስት ናቸው! ዛሬ ብትመጡ ኖሮ!»

«ፎቶ አንሣና ላክልኝ» አልኩት በቁጣ። ላከ። ውኃ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ቡናማ ነገር አለ። ለአክስቴ ልጅ አስተላለፍኩላት። አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣ ነበር መሰል ወዲያው መለሰች፦ «ግንድ ነው።»

አጉልቼ አየሁት። ግንዱ ጆሮ አለው።