ሎሚ የዶሮ ወጥ ቅቤ አያቀልጥም

ወንድሜ፣ «ዶሮ ወጥ ከበላችሁ በኋላ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጡ፤ ቅቤው ይቀልጣል፣ በበዓል አትወፍሩም» ያልከው ልክ አይደለም። ቅቤውማ ድሮም ቀልጦ ነው ወጡ ውስጥ የገባው! ስብን የሚያፈጩት ሐሞትና ከቆሽት የሚመነጨው ፈሳሽ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሰውነት እንዲወስደው ያዘጋጁታል እንጂ አያጠፉትም። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሎሚ ጠጣህ አልጠጣህ ያው ነው።

እኔ ፒያሳ ነው የምኖረው። በፋሲካ ሰሞን የሚያወፍረኝ የቤታችን ወጥ ብቻ አይደለም። ጎረቤት በጠራ ቁጥር «በሞቴ» እየተባለ የሚደገመው ጉርሻ ነው፣ ጠላውና ቢራው ነው። አልኮል ራሱ በግራም 7 ካሎሪ አለው። እምቢ ማለት ደግሞ ያስቀይማል። ስለዚህ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ እቀምሳለሁ፤ አራት ኪሎ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ በእግሬ ነው። ሎሚውን ከወደድከው ጠጣው፤ ስኳር ግን አትጨምርበት።