ትከሻና እግር በአንድ ድንኳን

ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ማለት ነው፣ በጥር የሚድር ሰው ሁለት ነገር ያሳስበዋል፦ ብርዱና ዲጄው። ለብርዱ አረቄ አለ።

ምሳ ተበልቶ ጠላው ሲዞር ዲጄው የቢ ጂስ ባንድን የዲስኮ ዘፈን «ስቴይን አላይቭ»ን ይለቃል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በደቂቃ 103 ያህል የሚመታ ዘፈን ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ስለሚጫን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰልጣኞች በሱ ይለማመዳሉ። (በቀረጻው ወቅት ከበሮ መቺው ስላልነበረ ከሌላ ዘፈናቸው ሁለት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ከበሮ ቆርጠው ቴፑን እያዞሩ ተጠቀሙበት። «ከበሮ መቺ ቀረብን» ብሎ ሰርግ የሚያስተጓጉል ይስማ።)

ድንኳኑ ውስጥም ጋቢ ተከናንበው ያንቀላፉት አጎት ይነቃሉ። መንቃቱን ይነቃሉ፣ አይጨፍሩም። ዲስኮ አራቱንም ምት እኩል እየደለቀ እግር ይጠራል፤ እሳቸው የለመዱት ትከሻ ነው። ለትከሻ ደግሞ ችክችካ ነው የሚሆነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፣ የዲስኮው ለሁለት።

ጉዱ መሸጋገሪያው ላይ ነው። ዲጄው የሁለቱን ፍጥነት ላፕቶፑ ላይ እኩል አድርጎ ይደርባቸዋል። ትልቁ ምት ይገጥማል፣ መሃሉ ግን ሁለትና ሦስት ሆኖ ይናከሳል። የሙሽራው አክስት፦

«ልጄ፣ ከበሮው ከደረጃ ወደቀብህ እንዴ?»

መላው፣ በቅድሚያ የዲስኮውን ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) መቀነስ፣ ለ8 ባር ድምድምታው ብቻ እንዲቀር ነው። ከዚያ ችክችካውን ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ዘግቶ ማስገባት፣ በመጨረሻም ቤዙን ካንዱ ወደ ሌላው ማዞር። ሁለቱ ቤዝ አንድ ላይ ከተለቀቀ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ጀነሬተሩም ትንሽ ከሆነ ያቃስታል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል። ላፕቶፑ የሚያሳየውንም ቁጥር አለማመን ነው፤ ችክችካ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ይቆጥራል። በእግር እየረገጡ መቁጠር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ዘፈኑን ማጥፋት ነው። ዝም ሲል አክስት እልል ይላሉ፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ ዲጄው ጭብጨባውን ተከትሎ ይገባል። የአጎት ጋቢ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ትከሻው ይነሳል።

ዲጄው ይህን አይቶ «አሁን ሞቀላቸው» ይልና ወደ ዲስኮው ይመለሳል። አጎትም ወደ ጋቢያቸው።