አረንጓዴዋ ባር ገዢ አይደለችም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ልጆቹ በቴሌግራም የሚቀባበሉትን የአንድ ትሬዲንግ አሰልጣኝ ቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሜታትሬደር በሚባለው የመገበያያ አፕ ላይ የወርቅ ቻርት ይከፍትና ከታች ያለችውን ረጅም አረንጓዴ የቮልዩም (የግብይት መጠን) ባር እያሳየ «ትልልቆቹ ባንኮች እየገዙ ነው ማለት ነው፣ ቮልዩም አይዋሽም፣ ሳታመነቱ ግቡ» ይላል። ይሄን እያስተማረ ከተማሪ ብር መቀበሉ ነው ደሜን ያፈላው።

እሺ ከቀለሙ እንጀምር። የሜታትሬደር የቮልዩም ባር አረንጓዴ የምትሆነው ከሷ በፊት ካለችው ባር ስለበለጠች ብቻ ነው፣ ካነሰች ትቀላለች፣ በቃ። ዋጋው ቁልቁል እየተንኮታኮተ ቮልዩሙ ከጨመረም አረንጓዴ ናት! ሰው ሁሉ ሸጦ ለመውጣት በሚራኮትበት ሰዓት የወጣችውን አረንጓዴ ባር አይቶ «ገዢ መጣ» ብሎ የሚገባው ልጅ ምን እንደሚደርስበት እናንተው አስቡት። አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ይቺን ካላወቀ ምኑን ነው የሚያሰለጥነው?

ቀለሙን እንተወውና ቁጥሩስ የማን ቁጥር ነው? ፎሬክስም (የውጭ ምንዛሪ ንግዱ) ሆነ እነዚህ ልጆች ብሮከር (አገናኝ ድርጅት) ላይ የሚነግዱት ወርቅ ሁሉም የሚገበያይበት አንድ ማዕከል የለውም። የውጭ ምንዛሪ ገበያው እ.ኤ.አ. በ2022 በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ብሮከር ከዚህ ውስጥ የሚያየው ኢምንት ነው። ባሯ የምትቆጥረው ደግሞ ቲክ ነው፣ ማለትም ብሮከሩ ጋ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ። መርካቶ ቆሞ የቡና ዋጋ ስንቴ እንደተጠራ ቆጥሮ «ይሄን ያህል ኩንታል ተሸጠ፣ የገዛውም እገሌ ነው» የሚል ደላላ ብታገኙ ጅማ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ቲክ ከእውነተኛው ቮልዩም ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል የሚሉኝ አሉ። ይሁን፣ ገበያው መሞቁን ይነግረኛል፣ ማን እንደገዛ ግን አይነግረኝም።

እውነተኛ ቮልዩም ባለበት እንኳን ነገሩ እነሱ እንደሚሉት አይደለም። የኒውዮርኩን የአረቢካ ቡና ፊውቸርስ (ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበትን ውል) እንውሰድ፣ የኛን የቡና ዋጋ የሚያንቀጠቅጠውን። አንድ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ነው፣ በኛ ሂሳብ 1,000 ፈረሱላ ገደማ። 10,000 ኮንትራት ተገበያየ ማለት 10,000 ተገዛ፣ እዛው ላይ 10,000 ተሸጠ ማለት ነው፣ ገዢ ሳይኖር የሸጠ የለም፣ ሻጭ ሳይኖር የገዛ የለም። እና «የገዢ ቮልዩም» የሚሉት ከየት መጣ? ከግምት ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆ ግራንቪል ያስተዋወቀውን ኦቢቪ የሚባለውን ኢንዲኬተር (ከዋጋና ከቮልዩም የሚሰላ ጠቋሚ) እዩት፣ ዋጋው ከትናንቱ በአንዲት ሳንቲም ከፍ ብሎ ከዘጋ የቀኑን ቮልዩም በሙሉ ይደምረዋል፣ በአንዲት ሳንቲም ዝቅ ካለ በሙሉ ይቀንሰዋል። ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ መዝጊያ ላይ ትንሽ ቀና ያለ ቀን፣ ያ ሁሉ ሲሸጥ የዋለ ኮንትራት እንደ ግዢ ተደመረ! ላዩ ላይ ደግሞ የዲሴምበር ኮንትራት ማብቂያው ሲቃረብ የያዙት ሰዎች ወደ ማርች ይዛወራሉ፣ የማርች ቮልዩም ሰማይ ይነካል፣ አዲስ የቡና ፍላጎት ግን የለም፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ነው። ይሄን ሳያጣሩ ከኦቢቪ ላይ ትሬንድ (የዋጋ አቅጣጫ) ማንበብ ቁማር ነው።

ቮልዩም ይጣል አላልኩም። ዋጋ አንድን ጣሪያ ሰብሮ ሲወጣ ቮልዩሙ ከሳሳ እኔም እጠረጥራለሁ። ብዙ የሚገዛ ተቋምም የገዛበት ዋጋ ውድ ይሁን ርካሽ በቪዋፕ ይለካል፣ ምክንያቱም ቪዋፕ በእያንዳንዱ ዋጋ ስንት እንደተገበያየ መዝኖ አማካዩን ያወጣል። ግን ይሄ ሁሉ የሚሰራው ቁጥሩ ከእውነተኛ ገበያ ሲመጣ ነው፣ ያኔም ዋጋውን ለማጣራት እንጂ «ባንኮቹ ገቡ» ብሎ ለማወጅ አይደለም።

ስለዚህ ያ አሰልጣኝ ቪዲዮውን ያውርድ። የሚቀጥለው ክፍል ላይ ደግሞ ዋጋ የወደቀበትን ቀን ከፍቶ አረንጓዴዋን ባር ለተማሪዎቹ ያሳያቸው፣ ከዚያም በሷ ተማምነው የገቡ ልጆች ብራቸውን ይመልስልን ብለው ሲመጡ በሩን እንዳይዘጋባቸው።